ሐረጎን እየወረደ የጻፈልኝ ልጅ

በዚህ ሳምንት የመለስኩት ደብዳቤ ከደሴ ልጅ የመጣ ነው። ረዘም ይል ነበር፤ ዋና ዋናውን እነሆ፦

«እትዬ፣ ሰላምዎ ይብዛ። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው ያደግሁት። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ። ውጭ አገር ለማስተርስ ለማመልከት ብዬ አዲስ አበባ ሄጄ አይልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ተፈተንኩ። ማንበቡም መስማቱም ደህና ነው። በንግግሩ ግን 5 አገኘሁ። የሚፈለግብኝ 6.5 ነው።

የሚያናድደኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ትውልድ ከተማዬ መሆኑ ነው። እሱን እኮ በቃሌ ሸምድጄው ነበር! ‹ደሴ በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በአማራ ክልል፣ በደቡብ ወሎ ዞን ትገኛለች፤ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች...› እያልኩ ስወርድ ፈታኟ መሃል ላይ አቋረጠችኝና ሌላ ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ አፌ ተያያዘ። አንድ ጓደኛዬ ‹ደሴ ስላልክ ነው፣ አዲስ አበባ ብትል የምታወራው አታጣም ነበር› አለኝ። እውነት ነው? ቀጥሎ ስፈተን አዲስ አበባ ልበል?

ሌላም አለ። ‹ከተማህ ተለውጣለች ወይ?› ብለው ይጠይቃሉ አሉ። የ2014ቱን ነገር እንዴት አድርጌ ነው በእንግሊዝኛ የማወራው?

የጽሑፌን መዝረክረክ ይቅር ይበሉኝ። ሰርቪስ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ቁልቁለት፣ እየወረድን ነው። ጉሙ ከፊታችን ያለውን መኪና ውጦታል፣ ሾፌሩ ጥሩንባ እየነፋ ነው የሚሄደው። ታች ስንደርስ ደግሞ ይሞቃል፤ ጃኬቴን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አስቀምጣለሁ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

እረስቼው፣ ክራባት ማሰር ያስፈልጋል እንዴ?»

አብሽር የኔ ልጅ። (ይህቺን ቃል ለአዲስ አበባ አንባቢዎቼ አልፈታትም። ወሎ መጥተው ቡና ሲጠጡ ትገባቸዋለች።)

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያነበብኩት እንደ አስተማሪ ነው፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ በማስተማር ስለሆነ ስህተት ፍለጋ ዓይኔ ይቀድመኛል። ሁለተኛ ሳነበው ይቅርታ የጠየቅህበት ቦታ ላይ ስደርስ ሳቅሁ። ስንት ቀን ሙሉ የፈለግኸው መልስ እዚያች ላይ ቁጭ ብሏል። አንተ ደግሞ መዝረክረክ ብለህ ይቅርታ ትጠይቅበታለህ!

እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ እያቸው። «ደሴ በሰሜን ኢትዮጵያ ትገኛለች» የሚለውን ማንም ሊለው ይችላል። ደሴን አይቷት የማያውቅ ሰውም ይለዋል። ጉም የዋጠው መኪና፣ ጥሩንባ እየነፋ የሚወርድ ሾፌር፣ ታች ሲደረስ ጉልበት ላይ የሚቀመጥ ጃኬት ግን ያንተ ብቻ ነው። ይህን ለማውራት ሽምደዳ አያስፈልግህም። ነገ ጠዋትም ታየዋለህ።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄህ መልሴ አጭር ነው። አዲስ አበባ አትበል። ፈታኟ ከተማህን አታርምም፣ የምታርመው እንግሊዝኛህን ነው። ውሸት ስለሆነ ብቻም አይደለም አትበል ያልኩህ፤ የምትለው እውነት ይሁን አይሁን ማንም አያጣራብህም። ችግሩ ሌላ ነው። ሰው በሁለተኛ ቋንቋ ሲዋሽ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ነገሩንም ይፈጥራል፣ ቃሉንም ይፈልጋል። «ምኑን ትወድላታለህ?» ስትልህ አንተ ስለ ቦሌ ምን ልትል ነው? ደሴ ላይ ግን ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። ቀሪው ቃሉን መፈለግ ብቻ ነው።

አሁን ለምን እንዳቋረጠችህ ልንገርህ። ተቀይማህ እንዳይመስልህ። የንግግሩ ፈተና በጠቅላላ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፣ በሦስት ክፍል የተከፈለ። የመጀመሪያው ክፍል ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይወስዳል። ስለ ከተማህ፣ ስለ ሥራህ፣ ስለ ትምህርትህ፣ ስለምትወደው ነገር አጫጭር ጥያቄዎች ይጠየቃሉ። ፈታኟ ጥያቄዎቿ የተጻፉ ናቸው፣ ሰዓቷም የተቆጠረ ነው። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ከሰማች በኋላ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ደንቡ ነው። አንተ ግን የሬዲዮ ዜና እንደሚያነብ ሰው አንድ ጊዜ ከጀመርክ የማትቆም ሆንክባት። ከዚህ በላይ ደግሞ በቃል የተያዘ መልስ ያስታውቃል። ድምፅህ ይቀየራል፣ ዓይንህ ጣሪያ ላይ ይሰቀላል፣ ፍጥነትህ የጸሎት ይሆናል። ፈታኞች ይህን ለይተው እንዲያውቁ ነው የሠለጠኑት። የተሸመደደውን ያንተ እንግሊዝኛ አድርገው አይቆጥሩትም።

ስትቋረጥ አፍህ የተያያዘውም ለዚሁ ነው። የሸመደደ ሰው ገመዱ አንድ ነው። ከተበጠሰ ተበጠሰ።

ነጥቡ የሚሰጠው በአራት ነገር ነው፣ አራቱም እኩል ሚዛን አላቸው። አንደኛው ሳትደናቀፍና ሐሳብህን እያያያዝክ መናገርህ ነው። የቃላትህ ስፋት አለ፣ ሰዋስውህ አለ፣ አነጋገርህ ለሰሚ ግልጽ መሆኑ አለ። ከተማህ ትልቅ ናት ትንሽ የሚል አምስተኛ ሚዛን የለም። ሕንፃ ስላልጠራህ የሚቀነስብህም የለም።

አሁን ወደ ጨዋታችን እንመለስ። እኔ ፈተናውን ለልጆች ሳስረዳ በቡና ነው የማስረዳው። ሦስት ክፍል አይደል? አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በአቦል ላይ እንግዳው ገና ተቀምጧል፤ «አገርህ ወዴት ነው? ቤተሰብ ደህና ነው?» ይባላል። ለዚህ ጥያቄ ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ተቀምጠህ «የትውልድ ከተማዬ በደቡብ ወሎ ዞን ትገኛለች» ብለህ ታውቃለህ? እናትህ ብትሰማህ ልጄን ምን ነካብኝ ትላለች። በቶና ላይ አንዱ ወሬ ይይዛል፤ ሌላው ያዳምጠዋል። ሁለተኛው ክፍልም እንዲሁ ነው፤ ካርድ ይሰጥሃል፣ አንድ ደቂቃ ታስባለህ፣ እስከ ሁለት ደቂቃ ብቻህን ታወራለህ። በበረካ ላይ ነገሩ ሰፋ ይላል፤ የኑሮ ውድነት፣ የልጆች ትምህርት፣ የዘመኑ ነገር ይነሳል። ሦስተኛው ክፍልም ስለ ከተሞች፣ ስለ ወጣቶች፣ ስለ ለውጥ በጠቅላላው መነጋገር ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። ቡናው እየቀጠነ ይሄዳል፣ ፈተናው እየወፈረ ይመጣል።

የአቦሉን ጥያቄ ስትመልስ ሦስት ዓረፍተ ነገር በቂ ነው። አንዱ መልሱ፣ አንዱ ምክንያቱ፣ አንዱ ካንተ ኑሮ የወጣ ነገር። «ዌር ኢዝ ዩር ሆምታውን?» ቢሉህ፣ «ኢትስ ደሴ፣ ኤ ኮልድ ታውን አፕ ኢን ዘ ማውንተንስ። በት አይ ወርክ ኢን ኮምቦልቻ፣ ዳውን ዘ ሂል። ሶ ኤቭሪ ሞርኒንግ አይ ሴት አፍ ዊዝ ኤ ጃኬት ኤንድ አራይቭ ዊዛውት ዋን።» በቃ። የመጨረሻዋ ካንተ ደብዳቤ የወጣች ናት፤ እኔ እንግሊዝኛ አለበስኳት እንጂ አልጨመርኩባትም። አደራ፣ ይህንንም ደግሞ እንዳትሸመድደው! ቃሎቹን ያዝ፣ ዓረፍተ ነገሩን በየቀኑ በሌላ መንገድ በለው።

«ትገኛለች» የምትለዋን ቃል ደግሞ ተዋት። እኛ ከአማርኛ ይዘናት ሄደን «ደሴ ኢዝ ፋውንድ ኢን...» እንላለን። በዚያኛው ቋንቋ ጆሮ ከተማዋ ጠፍታ የተገኘች ያስመስላታል። «ኢትስ ኢን ዘ ኖርዝ» ይበቃል። «ዌዘር ኮንዲሽን» የምትለዋንም እዚያው ተዋት። ማንም ጎረቤቱን «የአየር ሁኔታው እንዴት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ብርድ ነው፣ ጉም ነው፣ ዝናብ ነው በል። «ፎጊ»፣ «ቺሊ»፣ «ድሪዝሊንግ»፣ ክረምት ላይ ለደሴ ሦስቱም ያስፈልጉሃል። ስለ መንገዱ ደግሞ «ስቲፕ» እና «ሻርፕ ቤንድስ» በል። ሐረጎን ያለ እነሱ መናገር አይቻልም።

«ስቲፕ» ስትል ግን ተጠንቀቅ። «እስቲፕ» አትበል። እኛ ቃል በ«ስ» ጀምሮ ሌላ ተነባቢ ሲከተለው ፊቱ ላይ «እ» እንጨምራለን፤ «እስኩል»፣ «እስትሪት» እያልን ነው ያደግነው። እባብ እንደሚያፏጭ በ«ስስስ» ጀምረህ ወደ ቃሉ ግባ። በሳምንት ውስጥ ይለቅሃል። የደሴ ልጅ ድምፅህን ግን አትቀይር። እንደ ለንደን ሰው ተናገር ያለህ የለም። የሚፈለገው ሰሚው ሳይቸገር እንዲረዳህ ነው።

አንዲት ወጥመድ ደግሞ አለች፣ እኔ ራሴ የወደቅሁባት። ገና ጀማሪ አስተማሪ ሳለሁ አንድ የውጭ አገር ሰው ትምህርት ቤታችን መጣ። «ዋት ኢዝ ዩር ታውን ላይክ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ላይክ» የምትለዋን ብቻ ነው የሰማሁት። ከተማሽ ምን ትወዳለች የሚለኝ መሰለኝ። ኮራ ብዬ «ማይ ታውን ላይክስ ኮፊ» አልኩት። ባልደረቦቼ ፊት! ሰውየው ጨዋ ነበር፣ አልሳቀብኝም። እንዲያውም ደብተሩ ላይ ጻፋት። እቤት ስገባ ነው የገባኝ፤ ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ዋት ኢዝ ኢት ላይክ?» ማለት «ምን ትመስላለች?» ነው። «ዋት ዱ ዩ ላይክ አባውት ኢት?» ማለት ደግሞ «ምኗን ትወዳለህ?» ነው። ሁለቱም ፈተናው ላይ ይመጣሉ። ካልሰማህ «ኩድ ዩ ሪፒት ዛት፣ ፕሊዝ?» በል። ነውር የለውም። ካልተሰማ ነገር ላይ ተነስቶ ከመመለስ ይሻላል፣ ከእኔ ተማር።

«ምኗን ትወዳለህ?» ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደሴዎች በሙሉ የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተዋዶና ተከባብሮ የሚኖርባት የፍቅር ከተማ ናት» እንላለን። እውነት ነው። ነገር ግን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተነበበ ይመስላል። እቤትህ ግባና ፈልገው። ሠርግ ላይ ምንድን ነው የሚደረገው? ለሙስሊሙ ለብቻ ይታረዳል፣ ለክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል፣ ድስቱ ሁለት ነው፣ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። «ዊ ኩክ ኢን ቱ ፖትስ በት ዊ ሲት ኢን ዋን ቴንት» በላት። የልጅ ቃል ናት፣ ሦስት ዓመት እንግሊዝኛ የተማረ ይላታል። ግን ፈታኟ ቀና ትላለች። እናትህ ለዒድ ለጎረቤት የምትልከው፣ ጎረቤታችሁ ለፋሲካ የምትልከው ካለ ደግሞ እሱን ጨምር። ፍቅር የሚለውን ቃል ሳትጠራው ፍቅሩን ተናገርክ ማለት ነው።

ወደ ቶናው እንምጣ። ካርዱ ምን እንደሚል አስቀድሞ አይታወቅም። ስለ አንድ ቦታ ሊሆን ይችላል፣ ስለ አንድ ጉዞ፣ ስለ አንድ አሮጌ ሕንፃ፣ ሰው ስለነገረህ ታሪክ። አንድ ደቂቃዋን ዓረፍተ ነገር በመጻፍ አታባክናት። አምስት ስድስት ቃል ጣል ጣል አድርግ። «ጉም፣ ጥሩንባ፣ ጃኬት፣ ሙቀት፣ ዝምታ» ብለህ በአማርኛ ብትጽፈውም ግድ የለም፤ ማስታወሻው ላንተ ነው።

የደሴ ልጅ በቦታ በኩል ሀብታም ነው። አይጠየፍን ውሰድ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ለውጭ ሰው ስሙን እንዴት ታስረዳዋለህ? እዚህ ላይ ነው ነጥብ የሚገኘው። አንድን ቃል በሌላ ቃል አዙሮ ማስረዳት መቻል በፈተናው የሚቆጠርልህ ችሎታ ነው። ስሙን በአማርኛው ጥራው፣ ከዚያ ፍታው፤ «ኢት ሚንስ ኢት ሉክስ ዳውን ኦን ኖባዲ። ሪች ኦር ፑር፣ ኤኒዋን ኩድ ኢት ዜር።» ጋቢንም፣ እድርንም፣ አቦልንም እንዲሁ ፍታቸው። እንግሊዝኛ ስላጣሁለት ልተወው የምትለው ነገር ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚያስመሰግንህ እሱ ነው።

የደሴ ስም አመጣጥም አለልህ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ ሰማይ ላይ አይተው፣ ተደስተው «ደሴ» አሏት ይባላል። ሁለት ደቂቃ የሚሞላ ወሬ ነው። «ፒፕል ሴይ» ብለህ ጀምረው፤ ነገርየው የአፍ ታሪክ ስለሆነ አንተም የአፍ ታሪክ አድርገህ ተርከው። ማን ነገረህ? አያትህ ከሆኑ እሳቸው ጨዋታ ላይ ምን ይመስሉ እንደነበር ጨምርበት። ዓመተ ምሕረት ልጥቀስ እያልክ ግን አትጨነቅ። ቁጥር ሲበዛ ምላስ ይተሳሰራል። «ዋን ታውዘንድ ኤይት...» እያልክ ስትቆም የነበረህ ፍጥነት ይጠፋል።

ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ፈታኟ ታስቆምሃለች። አትደንግጥ። ያስቆመችህ ጊዜው እስኪሞላ ድረስ ስላወራህ ነው፤ መልካም ምልክት ነው።

በረካው ላይ ደግሞ ሌሎች የማይኖራቸው አንድ ነገር አለህ። ሁለት ከተማ አለህ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመሃሉ ግን ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ላይኛው የንግድና የአስተዳደር ከተማ ነው፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተጣብቦ የቆመ፣ መስፋፊያ የሌለው። ታችኛው ሜዳ አለው፣ አውሮፕላን ማረፊያ አለው፣ ፋብሪካ አለው፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለው። «ወጣቶች ለምን ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ?» ብለው ሲጠይቁህ ከመጽሐፍ አትፈልገው። አንተ ራስህ በየጠዋቱ እንጀራ ፍለጋ ትወርዳለህ፣ ማታ ለመኝታ ትወጣለህ። «ዌርአዝ» የምትለዋን አያያዥ ቃል እዚህ ላይ ተጠቀምባት፤ አንዱን ከሌላው ለማነጻጸር እንደ እሷ የሚመች የለም። (ኮምቦልቻዎች፣ ደሴ ለመኝታ ብቻ ናት ብላለች ብላችሁ እንዳትደሰቱ። ደሴዎችም ኮምቦልቻ ለእንጀራ ብቻ ብላለች ብላችሁ እንዳትኮሩ። ለልጁ ፈተና ነው የምናወራው።)

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄህ ልምጣ። «ከተማህ ተለውጣለች ወይ?»

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴ ላይ የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አውቀዋለሁ። እኔ ስለዚያ ወር በአማርኛ እንኳ ገና አውርቼ አልጨረስኩም። እና አንተ በ4 ደቂቃ ውስጥ፣ በባዕድ ቋንቋ፣ ለማታውቃት ሴት የመናገር ግዴታ የለብህም። ጥያቄው ስለ ለውጥ ነው እንጂ ስለ ጦርነት አይደለም። ስለ ባጃጅ ማውራት ትችላለህ። ስለ ሕንፃዎቹ፣ ስለ ኪራይ፣ ልጅ እያለህ ኳስ የተጫወትክባት ሜዳ ቤት ስለተሠራባት ማውራት ትችላለህ። «ዜር ዩዝድ ቱ ቢ ኤ ፊልድ ቢሃይንድ አወር ሃውስ» ብለህ ጀምር። «ዩዝድ ቱ» ድሮ የነበረና አሁን የሌለ ነገርን ይይዛል። «ሃዝ ቢካም» ደግሞ የዛሬውን ይይዛል። ሁለቱን በአንድ መልስ ውስጥ ከተጠቀምክ የሰዋስውህንም ሥራ ሠራህ።

ልናገር ካልክም መብትህ ነው። ግን የት ድረስ እንደምትሄድ ከቤትህ ወስነህ ውጣ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ምረጥ፣ በሩን የምትከፍትም የምትዘጋም። «ዊ ሃድ ኤ ዋር፣ ኤንድ ፒፕል አር ስቲል ሪቢልዲንግ» ብለህ ወደ መልሶ ግንባታው ማለፍ ትችላለህ። አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። ፈታኟ «አይዞህ፣ አዝናለሁ» ላትልህ ትችላለች። ፊቷን ሳትለውጥ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ታልፋለች። ሥራዋ እንዲያ ነው፤ ለሁሉም ተፈታኝ አንድ ዓይነት መሆን አለባት፣ ቃለ ምልልሱም ይቀዳል። የኛ ሰው ግን እንዲህ ያለ ነገር ነግሮ ዝም ሲባል ሆድ ይብሰዋል። ሆድህ ከባሰህ ደግሞ የሚቀጥሉትን ጥያቄዎች መመለስ ያቅትሃል። ያን ቀን ልብህ ለፈተናው ያስፈልግሃል፤ ይህንን ለእናትህ ቡና ላይ አቆየው።

ልምምዱን በተመለከተ ብዙ አልልህም። ሰርቪስ አለህ አይደል? ደርሶ መልስ በየቀኑ የሚባክን ሰዓት አለህ። የጆሮ ማዳመጫህን ሰክተህ ስልክህ ላይ ራስህን ቅዳ። ስልክ የምታወራ ነው የሚመስላቸው። መስኮት አሻግረህ የምታየውን ብቻ በእንግሊዝኛ ተናገር። በሬ ካየህ በሬ፣ ጉም ካየህ ጉም፣ ሸክም የተሸከመች ሴት ካየህ እሷን። ቃል ሲጎድልህ አትቁም፤ አዙረው። ማታ ቀረጻውን ስማና የጎደሉህን ሦስት ቃላት ብቻ ፈልግ። አሥር አትፈልግ፣ አይያዝልህም። በየቀኑ ሦስት ሦስት። ሁለት ወር ከሠራህ ሐረጎን ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ትወርደዋለህ።

ከተቻለ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚሞክር አንድ ባልደረባ ፈልግና ጥያቄውን እሱ ይጠይቅህ። መሃል ላይ እንዲያቋርጥህ ንገረው። ሆን ብሎ፣ ያለ ይሉኝታ። እኛ ሰው ሲያቋርጠን እንደ ንቀት እንቆጥረዋለን። ያን ስሜት እዚሁ ጓደኛህ ላይ ጨርሰው።

ይሉኝታ ካልን፣ አንዲት ነገር አስታወስከኝ። ልጆቻችን ትልቅ ሰው ሲጠይቃቸው አንገታቸውን ደፍተው «አዎ»፣ «አይ»፣ «ደህና ነው» ብለው ይመልሳሉ። ያሳደግናቸው እኛው ነን። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ጨዋነትህ ዝምታ ይመስላል። «ዱ ዩ ላይክ ሊቪንግ ዜር?» ስትልህ «የስ» ብለህ ዓይን ዓይኗን ብታያት የሚታረም ነገር አልሰጠሃትም። ወሬኛ ሁን። ያን ቀን ብቻ ይፈቀድልሃል።

ክራባቱን በተመለከተ፣ ማሰር ከለመድክ እሰር፣ ካልለመድክ ተው። ለልብስ የሚሰጥ ነጥብ የለም፤ አንገትህን ያነቀህ ነገር ካለ ግን ድምፅህ ላይ ያስታውቃል። ዋናው ነገር ስትመዘገብ የተጠቀምክበትን መታወቂያ ራሱን ይዘህ መሄድህ ነው። እሱን ረስቶ እንባ በእንባ ሆኖ የተመለሰ ልጅ አውቃለሁ።

ለመንገዱ ጃኬትህንም ያዝ። አዲስ አበባ ደርሰህ ከሞቀህ አውልቀህ ጉልበትህ ላይ ታስቀምጣለህ። ውጤቱ ሲመጣ ጻፍልኝ፤ ሰርቪስ ውስጥ ሆነህ ቢሆንም ግድ የለም።